ከየት ነሽ? ከተባለ በኋላ

አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ሰሞን ግቢው ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ከየት ነህ?» «ከየት ነሽ?»። በሬጅስትራር ሰልፍ ላይ ይጠየቃል፤ ዶርም ውስጥ ፍራሽ ሲነጠፍ ይጠየቃል፤ ካፌ ተራ ሲጠበቅ ይጠየቃል። ጥያቄው ክፋት የለበትም። በሀገራችን ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚነሳው አገር ነው። ችግሩ የሚመጣው መልሱ ከተሰማ በኋላ ነው። የመጣችበትን ቦታ የሰማ ሰው ቋንቋዋን፣ እምነቷን፣ የቤተሰቧን ኑሮ፣ አልፎም የፖለቲካ አቋሟን የሰማ ይመስለዋል። ስለዚህ ሌላ የሚጠይቀው ነገር አይታየውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ያለውን መንገድ ማብራራት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዴት ይገናኛሉ? ምን ያቀራርባቸዋል? አራት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረው ሳይተዋወቁ የሚለያዩትስ ለምንድን ነው? በአጭሩ መልሱ ሦስት ደረጃ አለው፤ ቅርበት ያገናኛል፣ የጋራ ሥራ ያስተዋውቃል፣ ጊዜ ወዳጅ ያደርጋል። እያንዳንዱን በዝርዝር እንመልከት። ለምሳሌነት ከለገጣፎ የመጣች አንዲት ተማሪን በሐሳባችን ይዘን እንሂድ።

እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገኙ?

በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ ተማሪ ምርጫውን ያስገባል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ውጤትንና ምርጫን እያገናዘበ ይመድባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በምደባው የተነሳ የለገጣፎ ልጅ ጅማ ወይም ደብረ ማርቆስ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ደግሞ ወሎ ሊደርሰው ይችላል። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው ሲያድሩ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

እዚያ የሚደርሱት ቀላል የማይባል ፈተና አልፈው ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ (ሬሚዲያል) ፕሮግራም ሲገቡ ቆይተዋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ በቀጥታ ያለፈ ፍሬሽማንና በሬሚዲያል በኩል የመጣ ተማሪ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህንን ማወቅ ይጠቅማል። በሬሚዲያል የመጣ ልጅ ስለ ውጤቱ ሲጠየቅ ሊሸማቀቅ ይችላል። «ስንት አመጣህ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዱ ኩራት፣ ለሌላው ቁስል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባይነሳ ይመረጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ትምህርት ተመልሶ ስለመጣ አዲስ ገቢዎች ሎጂክን፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂን፣ አንትሮፖሎጂን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን የመሳሰሉ ኮርሶች በጋራ ይማራሉ። ዲፓርትመንት የሚለይላቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምደባው ደግሞ በአብዛኛው በውጤት ይወሰናል። ይህ አሠራር ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ሐኪም ለመሆን የሚመኘውና አካውንታንት ለመሆን የምትመኘው የተወሰኑ ኮርሶችን በተመሳሳይ ሞጁል ያጠናሉ፤ የሚያወሩት የጋራ ነገር አይጠፋም። ሁለተኛ፣ በዚያው ጊዜ ተፎካካሪዎች ናቸው። በግቢ ቋንቋ ሰቃይ የሚባለው ጎበዝ ተማሪ ማስታወሻውን ሲደብቅ የምናየው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ጥቂት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ዲፓርትመንት ሲለይ ሴክሽኑም ይበተናል፤ ከሴክሽን ጓደኛ ጋር የሚኖረው ጊዜ አጭር መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ትውውቁን ለሁለተኛ ዓመት አያቆይም።

የለገጣፎዋ ተማሪ ምን ትመልስ?

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ዶርም የገባችው ልጅ «ከየት ነሽ?» ተባለች። «ከለገጣፎ» ብትል ከሩቅ የመጣችው የክፍል ጓደኛዋ ቦታውን ላታውቀው ትችላለች። ስለዚህ ለማሳጠር «ከአዲስ አበባ» ትላለች። እውነቷን ነው ወይስ አይደለም? ለገጣፎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን በሚወስደው የደሴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከካራና ከአያት አልፎ የሚሄድ ሰው ከተማው የት ላይ አልቆ የት ላይ እንደጀመረ በቀላሉ አይለይም። በአስተዳደር ግን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናት፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከገላን ጋር በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ገብታለች።

በዚያች ከተማ ውስጥ የሚኖረው ሰውም አንድ ዓይነት አይደለም። አያት ቅድመ አያቶቹ በዚያው መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰብ አለ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከብዶት የወጣ መንግሥት ሠራተኛ አለ። አጥር ባለው የሪል እስቴት መንደር ውስጥ ቪላ ገዝቶ የሚኖር ነጋዴ አለ። ከተለያየ ክፍለ ሀገር ለግንባታ ሥራ መጥቶ የቀረም አለ። በአንድ ሰፈር አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየተፈራረቁ ይሰማሉ፤ ልጆች በሁለቱም ይጫወታሉ። እንግዲህ «ከለገጣፎ ነኝ» ያለችው ተማሪ ከእነዚህ ቤቶች የየትኛው ልጅ ናት? የከተማዋ ስም አይነግረንም። የሰበታም፣ የቡራዩም፣ የሱሉልታም ልጅ እንዲሁ ነው። በዋና ከተማው ዙሪያ ያሉ ከተሞች ልጆች አንድ ሰው በቦታ ስም ብቻ እንደማይታወቅ ከማንም በላይ ያስረዳሉ።

ይህ ማለት ቦታው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ቦታ ወግ ለመጀመር ጥሩ በር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከለገጣፎ የመጣችውን «የት ነው እሱ ደግሞ?» ብትላት፣ እሷ የለገዳዲን ግድብ ልትነግራት ትችላለች። አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ውሃ ከዚያ ይመጣል። አንዷ የማታውቀው ቦታ ለካስ ከቤቷ ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው። የቦታ ስም ሲጠየቅ እንዲህ ዓይነት ታሪክ እንዲያመጣ ተደርጎ መጠየቅ አለበት። «ከየት ነሽ?» ካሉ በኋላ «እዚያ ኑሮ እንዴት ነው?» ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ያመጣል፤ ሁለተኛው ሰውን ያመጣል።

መጀመሪያ ቅርበት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። የማኅበራዊ ሳይኮሎጂ አጥኚዎችም እዚያው ደርሰዋል። በ1950 እ.ኤ.አ. ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኤምአይቲ የተማሪዎች መኖሪያ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን የመረጡት አልነበረም፤ የተለቀቀውን ቤት ነው የተቀበሉት። ሆኖም ወዳጅ ብለው የሚጠሩት በአብዛኛው ደጃቸው ላይ ያለውን ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። ጥቂት በሮች ራቅ ሲል የወዳጅነቱ ዕድል በግልጽ ይቀንስ ነበር።

በእኛ ግቢዎች ይህ ነገር የራሱ መልክ አለው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዶርምና የሴክሽን ድልድል የሚወጣው በስም የፊደል ተራ ነው። እኛ ደግሞ ዝርዝር የምንጀምረው በቤተሰብ ስም ሳይሆን በራሳችን ስም ስለሆነ አቤል ከአበራና ከአብዱ ጋር ይደርሰዋል፤ ሰላማዊት ከሳራና ከሰሚራ ጋር ትመደባለች። ከየትም ይምጡ፣ በየትኛውም ቋንቋ አፋቸውን ይፍቱ፣ ፊደል አገናኛቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. ማዲ ሲጋል የተባለች ተመራማሪ በሜሪላንድ የፖሊስ ማሠልጠኛ ያጠናችው ልክ ይህንን ነው። ሠልጣኞች ክፍልና ወንበር የተሰጣቸው በስማቸው ፊደል ተራ ነበር፤ ጓደኛህ ማን ነው ሲባሉ ብዙዎቹ በፊደል የሚቀርባቸውን ሰው ጠሩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ወዳጅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአልጋችሁ በላይ ካለው ልጅ ጀምሩ። በተለይ የምድብ ዝርዝር እንደወጣ «የሀገሬ ልጅ ጋ ልዛወር» ብሎ ወደ ዶርም ተቆጣጣሪው (ፕሮክተር) የሚሮጥ ተማሪ በዓመቱ ውስጥ ካሉት ዕድሎች ትልቁን ይጥላል። የሀገሩን ልጅ እንደሆነ ላውንጅም ያገኘዋል።

ቀጥሎ የጋራ ሥራ

ሆኖም ቅርበት ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ዶርም ውስጥ አብረው አድረው በሩቁ የሚተያዩ አሉ፤ ቅርበት ጠብንም ያፈራል። ቅርበት መቼ ወደ ትውውቅ እንደሚለወጥ ያብራራው ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሃርቫርድ ሊቅ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተለያየ ወገን ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ጥላቻ የሚቀንስባቸውን አራት ሁኔታዎች ለይቷል፤ በዚያ ቦታ እኩል መሆን፣ የጋራ ግብ መኖር፣ ግቡን በትብብር መሥራት፣ ከበላይ አካል ድጋፍ ማግኘት።

እነዚህን አራቱን በፍሬሽማን ሴክሽን ላይ እናስቀምጣቸው። እኩልነቱ አለ፤ ሁሉም አዲስ ናቸው፣ ሁሉም ላይብረሪው የት እንደሆነ ይጠይቃሉ። የጋራ ግብ የሚመጣው በግሩፕ አሳይመንት ነው። ትብብሩ ግን በራሱ አይመጣም። አምስት ልጆች ተመድበው አንዱ ሰቃይ ሠርቶት ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ካስገቡ ተባበሩ አይባልም። እንግዲህ ሥራውን መከፋፈል፣ ተገናኝቶ መነጋገር፣ ፕረዘንቴሽኑን እየተቀባበሉ ማቅረብ ያስፈልጋል። አራተኛው የመምህሩ ድርሻ ነው። መምህር «ቡድናችሁን ራሳችሁ መሥርቱ» ሲል ተማሪ በተመሳሳይ ቋንቋና በተመሳሳይ ከተማ ይሰበሰባል። መምህሩ በዝርዝሩ ተራ ቆጥሮ ሲመድብ ግን ዓይን አፋሩም ቦታ ያገኛል፣ «የማን ወገን ነህ?» የሚለውም ጥያቄ ይቀራል። ይህ ትንሽ የምትመስል የመምህር ውሳኔ በዓመቱ መጨረሻ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ትወስናለች።

ከዚያ ጊዜ

በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ጄፍሪ ሆል ወዳጅነት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቋል። ካጠናቸው መካከል አዲስ ገቢ ተማሪዎች ነበሩበት። ግምቱ ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ የሚል ነው። አብሮ መማርና አብሮ መሥራት ብቻውን ሰዓቱን ብዙም እንደማይሞላም አስተውሏል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከክፍል ውጭ በሚያሳልፉት ጊዜ ነው፤ ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁ፣ የሆድ የሆዳቸውን ሲያወሩ። ስለዚህ የጋራ ሥራ ያስተዋውቃል ስንል ከሥራው በኋላ ለሚጠጣው ሻይ ምክንያት ይሰጣል ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ዶርም የማይኖሩ ተማሪዎች ይጎዳሉ። የለገጣፎዋ ተማሪ ሩቅ ባትመደብና ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማር እንበል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ፣ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ወይም ከተማው ውስጥ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ። ከለገጣፎ ማልዳ ትነሳለች፤ ስድስት ኪሎ ከሆነ በሚኒባስ መገናኛ ደርሳ ሌላ ታክሲ ትይዛለች። ከሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም መመለስ አለባት። ሌሎቹ ከእራት በኋላ ዶርም ውስጥ ሲያወጉ እሷ መንገድ ላይ ናት። የዶርም ተማሪ በቀን ሦስት ሰዓት ከጓደኛው ጋር ቢጫወት 50 ሰዓቱን በ17 ቀን ይጨርሳል። እሷ እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። ስለዚህ ተመላላሽ ተማሪ «ኩራተኛ ናት፣ ከማንም አትገጥም» የሚል ስም ሲወጣላት ጉዳዩ የጠባይ ላይሆን ይችላል፤ የሰዓት እጥረት ነው።

መፍትሔውም የሚገኘው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከክፍሏ ልጆች መካከል በኮተቤ፣ በሲኤምሲ ወይም በአያት መስመር የሚሄድ መኖሩ አይቀርም። እሱን ወይም እሷን ፈልጎ አብሮ መሰለፍና አብሮ መሳፈር በቀን አንድ ሰዓት ቢሰጥ፣ በሳምንት አምስት ቀን ተቆጥሮ፣ 50ው ሰዓት በአሥር ሳምንት ይሞላል፤ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ማለት ነው። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ያለውን ባዶ ሰዓት ስልክ ላይ አለማሳለፍም ይረዳል። የዶርም ተማሪዎች ደግሞ በበኩላቸው የግሩፕ ስብሰባን ከምሽት ወደ ምሳ ሰዓት ቢያመጡት ተመላላሿን አስገቧት ማለት ነው።

ጥያቄ፣ ስንቅና ዝምታ

ሰውን ለማወቅ ምን ይጠየቃል? ጥሩ ጥያቄ ሰው ታሪክ እንዲናገር የሚጋብዝ ነው። «እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀብህ? ማን ሸኘህ?» «ከቤት ማን ይናፍቅሻል?» «ምን ዲፓርትመንት ታስቢያለሽ? ለምን እሱን?» ከእነዚህ አንዱን ጠይቆ መልሱን ማድመጥ፣ ከመልሱ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ማውጣት ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት «እናትሽ ደህና ናቸው? አሟቸው ነበር ብለሽኝ ነበር» ማለት ከብዙ ወሬ ይበልጣል፤ መደመጧን ታውቃለችና። የብሔር፣ የፓርቲ፣ የቤተሰብ ገቢ ጥያቄ ግን ሰውየው ራሱ እስኪያነሳው ይቆይ። የግቢውን ካፌ ትቶ በራሱ ለመብላት፣ ማለትም ነን ካፌ ለመሆን የመረጠውን «ገንዘብ ተርፎህ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ከካፌ ውጭ በልታ የማታውቀውን በየቀኑ ውጭ እንብላ ብሎ ማስጨነቅ ሰውን ያርቃል።

ከጥያቄ በላይ የሚሠራው ስንቅ ነው። አዲስ ተማሪ ከቤት ይዞ የሚመጣው ምግብ አለ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከሸዋ ኦሮሞ ቤት የመጣች ልጅ ጭኮ ልትይዝ ትችላለች። ይህንን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ብቻ መብላትና አውጥቶ «እንካችሁ» ማለት ሁለት የተለያዩ ዓመታትን ይጀምራሉ። ስንቁ ሲወጣ የእምነቱ ነገርም በጨዋነት ይታወቃል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው የኦርቶዶክስ ተማሪ «ነገ እበላለሁ» ይላል። ሙስሊሟ በረመዳን ጀንበር እስክትጠልቅ ትጠብቃለች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በሶውና ቆሎው ግን የሁሉም ነው። ይህንን አውቆ ለጓደኛ ድርሻውን ማስቀመጥ፣ ለጸሎት ሲነሳ ድምፅ መቀነስ፣ ወዳጅነት የሚታይባቸው ትንንሽ ሥራዎች ናቸው።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። አማርኛው የሚሰባበርበትን ልጅ ስቆ ማረም አፉን ያዘጋዋል። ከእሱ በቀን አንድ ሁለት ቃል ከቋንቋው መማር ግን አስተማሪ ያደርገዋል፤ አስተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ እንግድነት አይሰማውም።

የሚቀረው ፍርሃት ነው። ብዙ አዲስ ተማሪ ቀድሞ የማያናግረው «አልወደድም» ብሎ ስለሚሰጋ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ካወሩ በኋላ እያንዳንዳቸው ሌላው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ይገምታሉ። ጥናቱ በዬል ዩኒቨርሲቲ አብረው የሚኖሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለወራት ተከታትሏል፤ ስጋቱ ለአብዛኛው የትምህርት ዓመት አልጠፋም። እንግዲህ ዝም ብላ የምታነብበው የዶርም ጓደኛችሁ ያላናገረቻችሁ ጠልታችሁ ላይሆን ይችላል። እሷም እናንተን እየፈራች ይሆናል። አንድ ሰው መጀመር አለበት፤ ይህንን ያወቀ ሰው ቢጀምር ተገቢ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቅበታለን?

የሁለት ተማሪዎች ትውውቅ የግል ጉዳይ ይመስላል፤ ታሪካችን ግን ከዚያ በላይ እንደሆነ ያሳያል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የአፍሪካ ሀገሮች አክራ ላይ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያና ከሌሎችም ሀገሮች ተማሪዎች መጡ፤ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ከእነሱ ጋር ተምረውና ተከራክረው የሌላውን ሀገር ትግል ሰሙ፤ የራሳቸውንም ሀገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። በኋላ ስለተነሳው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ የጻፉ የታሪክ ምሁራን ለዚህ ግንኙነት ከፍ ያለ ቦታ ይሰጡታል።

ተቃራኒውንም አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። መንስኤው ከግቢ ውጭ ያለው ፖለቲካ ቢሆንም እሳቱ የገባው ተማሪው አጠገቡ ያለውን ልጅ በስሙ ሳይሆን በወገኑ በሚያውቅበት ቦታ ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከከተማው ነዋሪዎች ጋር በቃል ኪዳን ቤተሰብነት ያስተሳሰረው ይህንን ክፍተት አይቶ ነው። ከሩቅ የመጣ ልጅ በዓል ሲደርስ የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው አገኘ።

ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ በር ሊከፍት ይችላል፤ መምህር ቡድኑን ሊያሰባጥር ይችላል፤ የስም ዝርዝሩም የማይተዋወቁትን በአንድ ዶርም ሊያስቀምጥ ይችላል። የቀረው የተማሪው ድርሻ ነው፣ ከባድም አይደለም። በዚህ ሳምንት ከአልጋችሁ አጠገብ ወይም ከወንበራችሁ ጎን ያለውን አንድ ሰው ምረጡ። ከየት እንደመጣ ከነገራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው አድምጡ፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። የለገጣፎዋ ልጅ ለአንድ ሰው ብቻ እንኳ «ከአዲስ አበባ» ማለቷን ትታ ሰፈሯን፣ ቤተሰቧንና ሐሳቧን በራሷ አንደበት የምታስረዳበት ግቢ ለሌሎቹም ሁሉ የተመቸ ግቢ ነው።